ወንድሜ ትራማዶል ማቆም አቃተው፤ ሕመሙ ነው ወይስ ሱስ? በምን ልለይ?

የግንፍሌዋ፦

ሰላም ናችሁ? ነገሩ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ልጅ ነው። አምና ክረምት ላይ ከእንጨት መወጣጫ ወድቆ እግሩ ተሰበረና በኦፕራሲዮን ብረት ገባለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። ያን ጊዜ የእውነት ያስፈልገው ነበር፤ ሌሊት ሲያቃስት አጠገቡ የማድረው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ክራንቹን ከጣለ ቆይቷል። ሥራም ተመልሷል። የግንፍሌን ዳገት በቀን ስንቴ ወጥቶ ወርዶ ነው የሚውለው። መድኃኒቱ ግን አልቆመም።

ሐኪሙ የጻፈለት ካለቀ ስንት ጊዜው። ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም። ጃኬቱን ላጥብለት ኪሱን ስፈትሽ የገበሩ ስፌት ተተርትሮ ውስጡ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ታጭቆ አገኘሁ። ስጠይቀው «የድሮ ነው» አለኝ። የድሮ ከሆነ ገበር ውስጥ ምን ይሠራል?

ትናንት ማታ ራት ላይ ደግሞ የባሰ አየሁ። ሽሮ አጥቅሶ የጠቀለለው እንጀራ አፉ ሳይደርስ እጁ አየር ላይ ቆመ። ዓይኑ ተከደነ። ሽሮው ጉልበቱ ላይ ሲንጠባጠብ አልሰማም። እማዬ «ሥራው ገደለብኝ ልጄን» አለች። ስሙን ስትጠራው ነቃና ምንም እንዳልተፈጠረ ጎረሰ። አፍንጫውንም ሁልጊዜ ያካል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ቁጡ፣ የሚያልበው፣ ሰላምታ እንኳ የሚከብደው። ከወጣ በኋላ ስደውልለት ድምፁ ተመልሶ ፍቅር የሆነ ልጅ ነው።

ስናገረው «ያመመኝ እኔ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይለኛል። እሱስ ልክ ነው፣ የእሱን ሕመም እኔ አላውቅም። ግን በምን ልለይ? ታሞ ነው ወይስ ሱስ ሆኖበት? ክኒኑን ወስጄ ብጥለውስ ምን ይሆናል? እማዬ ደም ግፊት ስላለባት እስካሁን አልነገርኳትም። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ።


የአዋሬ ልጅ፦

እህቴ አይዞሽ። ሱስ ነው ይሄ፣ ጥያቄም የለው። የአክስቴ ልጅ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ስልኩን ቀሙት፣ ብር ከልክሉት፣ ክኒኑን ሽንት ቤት ድፉት፣ ቤት ዘግታችሁ አስቀምጡት። ከዚያ እንጦጦ ጠበል ውሰዱት። ሳምንት ቢጮኽ ነው። የእኛው ልጅ ዛሬ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።


ፋርማሲስቱ፦

የአዋሬ ልጅ፣ በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል። የዘመድህም መዳን ደስ ይላል። ግን «ክኒኑን ድፉት፣ ዝጉበት» የሚለውን ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ወደ እህታችን ጥያቄ።

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ሲወረድ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባንኮኒው ጀርባ ሆነህ ብዙ ታያለህ። እኔ ልቤን የሚያስደነግጠኝ ብዙ ክኒን የያዘ ማዘዣ አይደለም። የካንሰር ሕመምተኛ፣ ከባድ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ብዙ ሊታዘዝለት ይችላል፣ እሱን በጥርጣሬ ማየት ነውር ነው። የሚያስደነግጠኝ ሰውየው ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ነገር ነው። ትራማዶል የለም፣ ፓራሲታሞል ወይም ዲክሎፌናክ ልስጥህ ስትለው፣ የታመመ ሰው «ያሻለኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የለመደው ግን አማራጩን መስማት አይፈልግም፤ ፊቱ ይለወጣል፣ ይለማመጣል፣ ወይ ይሳደባል። ሊዘጋ ሲል የሚመጣ አለ። የእኔን ቀን አይቶ ሳይሆን የባልደረባዬን ተራ ጠብቆ የሚመጣ አለ። ዛሬ ለእናቱ፣ በሳምንቱ ለአጎቱ የሚገዛ አለ። «ቦርሳዬ ተሰረቀ፣ መድኃኒቱም አብሮ ሄደ» የሚል በወር ሁለቴ ይመጣል።

አንድ ጊዜ የመጣልኝን ማዘዣ አልረሳውም። ብዛቱ 40 ይላል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዞረው ከ4ቷ ላይ አንደኛዋ መስመር ሰማያዊ፣ የቀረችው ወደ ጥቁር የምታደላ ነበረች። ሐኪሙ የጻፈው 10 ነው፤ 1ዷ በኋላ በሌላ እስክሪብቶ 4 ሆናለች። ያመጣው ልጅ በጣም ጨዋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቢሮ የሚሠራ ልጅ ነው። ሱስ ሲባል መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ብቻ ለሚመጣባችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

እህቴ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አንቺ ያየሻቸው ነገሮች ራሳቸው ትልቅ ምልክት ናቸው። ማዘዣው ካለቀ በኋላ መቀጠሉ፣ መደበቁ፣ ቁጭ ብሎ ማንቀላፋቱ፣ ማሳከኩ። ሌላም ተመልከቺ፦ ሆድ ድርቀት አለበት ወይ? ብር ይበደራል ወይ? የሌላ ሰው መድኃኒት ከመሳቢያ ይጎድላል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን ሲል እንደሚወስደው። እግሩን ሲያመው ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሲከፋው፣ ሲደክመው፣ ሰው ፊት መቅረብ ሲከብደው፣ እንቅልፍ ሲያጣም የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱ የታዘዘበትን ሥራ ትቶ ሌላ ሥራ ይዟል።

መጠኑን ካወቅሽ ጻፊልን። ትራማዶል ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ በተለመደው ባለ 50 ፍሬ ስምንት ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ አልኮል የሚጠጣን፣ ወይም ለድብርት እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚወስድን ሰው ከዚያ ባነሰም ሊጥለው ይችላል። ወንድምሽ ደግሞ ከፍታ ላይ ወጥቶ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ትራማዶል ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። እንደ ዳያዜፓም ያሉት የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒኖች ደግሞ የራሳቸው ልዩ ማዘዣ አላቸው፣ ወረቀቱም እኛ ጋ ይቀራል። ከጓሮ የሚሸጥ ቤት ካወቃችሁ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ጠቁሙ። ሥራችንን የሚያሰድቡብን እነሱ ናቸው።


ሲስተር ከልደታ፦

የአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ፋርማሲስቱ ያለው በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ ከሕክምናው በኩል ልጨምር።

የግንፍሌዋ፣ «ታሞ ነው ወይስ ሱስ?» ብለሽ ከሁለት አንዱን አትፈልጊ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። አንድ ሰው ትራማዶልን በሐኪም ትእዛዝ ልክ በልኩ ለሳምንታት ቢወስድ እንኳ ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ድንገት ሲቀር ያመዋል። ይህ ብቻውን ሱስ አይባልም። እኛ የአእምሮ ሕመምን ለመለየት የምንጠቀምበት ዲኤስኤም 5 የሚባለው መመሪያ ለሱስ 11 ምልክቶች አሉት፤ በ12 ወር ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ከታየ ችግር አለ ይባላል። ነገር ግን መጠኑ እየለመደ መሄዱና ሲቀር መታመሙ፣ ሰውየው በታዘዘለት መሠረት እየወሰደ ከሆነ፣ አይቆጠሩም። የሚቆጠሩት ሌሎቹ ናቸው። ካሰበው በላይ መውሰድ። ልቀንስ ብሎ ሞክሮ አለመቻል። ቀኑን መድኃኒት በመፈለግ ማሳለፍ። ሀራራ። ሥራና የቤት ኃላፊነት መጓደል። ከሰው መጣላት፣ ይወደው የነበረውን ነገር መተው። አደጋ ባለበት ቦታ ወስዶ መሥራት። እየጎዳው መሆኑን እያወቀ መቀጠል። አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ እኔ ከሁለት በላይ አንብቤያለሁ። ቢሆንም ሳላየው በጽሑፍ ፍርድ አልሰጥም።

ስለ ሕመሙ አንድ የምትጠይቂው ነገር ልንገርሽ። መቼ ነው የሚያምህ? ምን ምንህን? በይው። የተሰበረ እግር ሲቆም፣ ዳገት ሲወጣ፣ ሲበርድ ነው የሚያመው። መድኃኒት ጎድሎ የሚመጣ ሕመም ግን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል፤ እግሩን ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያውን ሁሉ ይይዛል፤ ከማዛጋት፣ ከአፍንጫ መፍሰስ፣ ከላብ፣ ከተቅማጥ፣ ቆዳ ከመቆርቆርና ከመቁነጥነጥ ጋር ይመጣል። ያ የጠዋት ቁጣና ላብ ያልሽው ይህን ይመስለኛል፤ ሌሊቱን ሳይወስድ አድሮ ነው። ስለዚህ «ያመኛል» ሲልሽ ውሸቱን አይደለም፣ በእርግጥ ያመዋል። እንዲያውም እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ ሲወሰዱ ነርቭን አስቆጥተው ራሳቸው ሕመም የሚያባብሱበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ብረቱ ተንቀሳቅሶ ወይም አጥንቱ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ራጅ መነሳት አለበት። ሱስ አለበት ተብሎ እግሩ ሳይታይ የቀረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

አሁን ወደ መጣሉ። ትራማዶል ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል የሞርፊን ዘመድ ነው፤ በሌላ በኩል እንደ ድብርት መድኃኒት ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ይነካል። ስለዚህ ድንገት ሲቋረጥ ከሰውነት ሥቃዩ በላይ አንዳንዱን ሰው ከባድ ጭንቀት ላይ ይጥለዋል፣ ግራ ያጋባዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል። እንደ ዳያዜፓም ያለ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ባንዴ ቢያቆም ሊያንቀጠቅጠውና ሊሞት ይችላል። ሁለቱም ቀስ እየተባለ፣ በሐኪም እጅ ነው የሚቀነሱት።

የአዋሬ ልጅ፣ ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ብዙ ሰው አትርፈዋል። ይሄም እንደዚያው ነው። የማልደግፈው መዝጋቱን ነው። ምክንያቱም ተዘግቶበት የቆየ ሰው ሰውነቱ የለመደውን መጠን ይረሳል። ሲወጣ ሀራራው ይቀሰቀስና የድሮውን ያህል ይወስዳል፤ ያኔ ነው ትንፋሹ የሚቆመው። ለሞት ይበልጥ የሚያጋልጠው ተቋርጦ ሲመለስበት ነው።

ለእኛ ሀገር ሰው ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ሳል ሽሮፕ ውስጥ የሚገባው ኮዴይንም ትራማዶልም ጉበት ውስጥ ሲፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ነው ወደ ኃይለኛ መልካቸው የሚቀየሩት። ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል እጥፍ የሆነላቸው ሰዎች አሉ፤ መድኃኒቱ በፍጥነትና በብዛት ይቀየርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 29 በመቶው እንዲህ ሆነው አግኝቷቸዋል። በሰሜን አውሮፓ ይህ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። ስለዚህ «ጓደኛዬ ወስዶት ምንም አልሆነም» የሚለው ነገር እኛ ዘንድ በጭራሽ አይሠራም። የኮዴይን ሳል ሽሮፕ ለልጅ የምትሰጡ እናቶችም ይህን ስሙኝ፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁለቱም እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል።

ድንገት ከሆነ፦ ስትጠሩት ካልነቃ፣ እያንኮራፋ ትንፋሹ ከራቀ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ «እንቅልፍ ነው፣ ይተኛ» አትበሉ። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ መጥበብም ምልክት ነው፣ ትራማዶል ላይ ግን ሁልጊዜ ስለማይታይ እሱን አትጠብቁ። በጎኑ አስተኙት። ወተት አታጠጡት፣ ያንቀዋል። ካንቀጠቀጠው ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የሚዘገይ ከመሰላችሁ ባገኛችሁት ታክሲ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ማሸጊያውንም ይዛችሁ ሂዱ።


ከዚያ የወጣ፦

እኔ በትራማዶል ሳይሆን በዳያዜፓም ነበርኩ። ቅሜ ምርቃናው አልወርድ ሲለኝ፣ ጨብሲውም ሲሰለቸኝ፣ ጓደኛዬ «ይቺን ዋጥና ተኛ» አለኝ። እውነትም እንደ ሕፃን ተኛሁ። እንዲህ ነው የጀመረው፤ ክፉ ነገር እንደጀመርኩ አንድም ቀን አልተሰማኝም። መድኃኒት ነው እኮ፣ ፋርማሲ የሚሸጥ፣ ነጭ፣ ንፁህ።

ከውጭ የሚታየውን ሌሎቹ ጽፈውታል፣ እኔ ከውስጥ የሚታወቀውን ልጻፍ፣ ምናልባት ወንድምሽም ያነበው ይሆናል። መጀመሪያ መቁጠር ትጀምራለህ። ከቤት ሳትወጣ ኪስህን ትዳስሳለህ፤ ባትወስደው እንኳ ካልያዝከው አትወጣም። ክፍለ ሀገር ለቅሶ ሲጠራህ ከሞተው ሰው በፊት «ስንት ፍሬ ቀርቶኛል?» ትላለህ። ከስቴዲየም እስከ ተክለሃይማኖት ያለው መድኃኒት ቤት ሁሉ ውስጥህ ካርታ ሆኖ ይሳላል፤ የትኛው ጥብቅ ነው፣ የትኛው ላላ ይላል። ዛሬ ስንት እንደወሰድክ ትረሳለህና ትደግማለህ። ይሄ መርሳቱ ነው ከሁሉ አስፈሪው።

ቤተሰቤ «ትወስዳለህ አትወስድም?» እያለ ሲያፋጥጠኝ መልሴ የታወቀ ነበር። አልወስድም። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ሻይ ቤት ቁጭ አድርጎኝ፣ ድምፁን ሳይጨምር «አሁን ስንት ደርሰሃል?» አለኝ። አለቀ። ለመዋሸት የሚሆን በር አልተወልኝም፤ እሱ ራሱ ያወቀውን ነገር በስድብ ሳይሆን እንደ ሕመም ጠየቀኝ። ነገርኩት። እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ውሰጂው። ደግሞ ሲያንቀላፋ ወይ በሀራራ ሲናደድ አታናግሪው፤ ወስዶ ረጋ ሲል፣ እናትሽ በሌለችበት።

ሐኪሙ ቀስ እያለ ወራት ወስዶ ነው የቀነሰልኝ። በመሀል ተመልሼ ነበር፤ ሐኪሙ አልተቆጣኝም፣ ከዚያው ቀጠልን። ጫቱን ሳልተው ግን ክኒኑን መተው አልቻልኩም፣ እሱን በግልጽ ልንገራችሁ።


ጋሽ ከካዛንቺስ፦

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰምቼ ልጠይቅ። ባለቤቴ ወንድሟ ካረፈ ጀምሮ ማታ ማታ ዳያዜፓም ትወስዳለች። መጀመሪያ ለለቅሶው ሰሞን ነበር የታዘዘላት፤ ይኸው ዓመታት ሄደ። አንድ ፍሬ ብቻ ናት፤ ጨምራም አታውቅ። ግን ሌሊት ስትነሳ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ወሬም ትደጋግማለች። እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር። እሷም ሱሰኛ ልትባል ነው? በዕድሜዋ ይሄን ስም ማንሳት ይከብደኛል።


ሲስተር ከልደታ፦

ጋሼ፣ አይባሉም፤ ያንን ስም በፍጹም አያንሱባቸው። መጠን ሳይጨምሩ በታዘዘላቸው ነው የቆዩት። ነገር ግን ሰውነታቸው ለምዶታል። ዳያዜፓም ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚታዘዘው ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አካባቢ። ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ በዕድሜ ለገፋ ሰው እየተጠራቀመ ያንገዳግዳል፣ ያስረሳል፣ አጥንት የሚሰብረው መውደቅም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ እርጅና ብለው አይተዉት። ዛሬውኑ ግን እንዳያስቆሟቸው፤ ይዘዋቸው ይሂዱና ሐኪሙ ቀስ እያለ ይቀንስላቸው። እስከዚያ ሌሊት መብራት አይጥፋ፣ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ እርስዎ ይደግፏቸው። ጠላም ጠጅም አብሮ አይወሰድ፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።


የአዋሬ ልጅ፦

ሲስተር፣ መዝጋቱ ያን ያህል አደገኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። የአክስቴ ልጅ ስለወጣ ሁሉም እንደዚያ የሚወጣ መስሎኝ ነው። የግንፍሌዋ፣ የፋርማሲስቱንና የሲስተርን ስሚ።


የግንፍሌዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ለእትዬም ምሕረቱን ይላክልዎት።

አናገርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ማኅበር ሄዳ ነበር፤ ቡና አፈላሁና እንዳላችሁኝ «አሁን ስንት ደርሰሃል?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት አለኝ። ባለ 50ው ነው። ሥራ ላይ ሲያዞረው አንድ ባልደረባው ኤሌክትሪኩን ባያጠፋለት ምን ሊሆን እንደነበር ራሱ ነገረኝ፤ እያለቀሰ። ራሱን ሊያስቆም ሞክሮም ነበር፤ አንድ ሰሞን «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ተጠቅልሎ የተኛው ለካ እሱ ነበር። ጉንፋን መስሎኝ አጥሚት ሳጠጣው ነው የሰነበትኩት።

ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ ስለው እሺ አለ። የት ልውሰደው? ምን ይዤ ልሂድ? ደግሞ «ሐኪሙ ፊት ንፁህ ሆኜ ልቅረብ፣ ከዛሬ ጀምሬ አልወስድም» እያለ ነው፣ እሱስ ይሁን?


ፋርማሲስቱ፦

በቀን 500 ሚሊግራም ማለት ነው። ከልኩ አልፏል። እንዳይጨምርበት እንጂ አንቺ ራስሽ ቀንሰሽ አትስጪው፤ ያንን ሐኪሙ ያውጣው። እስከ ሰኞ ቢራም አረቄም አይቅመስ። መወጣጫ ላይም አይውጣ፤ ታምሜያለሁ ብሎ ያስፈቅድ፣ ደግሞ እውነቱን ነው።


ሲስተር ከልደታ፦

እንኳን ተናገረ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ንፁህ ሆኜ ልቅረብ ማለቱን እንዲተው ንገሪው። ሐኪሙ የሚፈልገው እውነተኛውን መጠን ነው፤ ቅዳሜ አቁሞ ሰኞ እየተንቀጠቀጠ ቢመጣ ለእሱም ለእኛም ይከብዳል። እስከዚያ ከነበረው ሳይጨምር ይቆይ፣ አንቺም ያዢለትና በሰዓቱ ስጪው፤ ካንገዳገደው ወይም ካንቀላፋ ግን አትስጪው። ካንቀጠቀጠው ሰኞን ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ፤ በጤና መድኅን የምትታከሙ ከሆነ ያለ ሪፈር ትጉላላላችሁ። በማለዳ ድረሱ፣ ወረፋ አለ። የድሮውን የሆስፒታል ወረቀትና ራጁን ያዙ። ከገበሩ ያወጣሻቸውን ባዶ ማሸጊያዎችም አትጣያቸው፤ ስሙና ሚሊግራሙ የሚነበበው እነሱ ላይ ነው። ከጓሮ የተገዛ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ላይገጥም ስለሚችል የቀሩትን ፍሬዎችም ይዛችሁ ኑ። ሌላ የሚወስደው ነገር ካለ፣ ጫትም፣ መጠጥም፣ የእንቅልፍ ክኒንም፣ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር። አንቺ ፊት መናገር ካፈረ ከክፍሉ ውጪለት። ሲጨርስ ደግሞ የአጥንት ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አስይዙ፤ የእግሩ ነገር ሳይታይ እንዳይቀር።

ለእናታችሁ ሰኞ ከመጣችሁ በኋላ፣ እሱ ራሱ ይንገራት። አንቺ አጠገቡ ሁኚ።